ሐኪም ያዘዘው ዳንስ

በቴክሳሱ ቱ-ስቴፕ ሴት ወደ ኋላ ትሄዳለች። ወንዱ ፊቱን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ አድርጎ በግራ እግሩ ይነሣል፤ ሴቲቱ ለመንገዱ ጀርባዋን ሰጥታ በቀኝ እግሯ ታፈገፍጋለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ከኋላዋ ያለውን ምሰሶም ሆነ የሌላ ሰው ክርን አታይም። የሚያይላት እሱ ነው። ያ “እሱ” የኔ ባል ሲሆን ደግሞ ከመነሣት በፊት ማማተብ ደግ ነው።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተን ስኳር ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከዳላስ ተነሥቶ አንዴ በአይ-20 ወደ ምዕራብ፣ አንዴ በአይ-35 ወደ ሰሜን ሲል ሳምንቱ ያልቃል፤ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሰው ግን መኪናው እንጂ እሱ አይደለም። ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ “በእግርህ ተንቀሳቀስ” አለው። እዚህ ጋርላንድ ያለ ሐበሻ ሐኪም ሲቆጣው የሚያደርገውን እንዲያደርግ፣ ማለትም ጠዋት ጠዋት ሞል ውስጥ እንዲዞር ለመንኩት።

“ወዴት ነው የምሄደው?”

“የትም። ትዞራለህ።”

“ባዶዬን?”

ጭነት ሳይዙ መሄድ ለሾፌር ኪሳራ ነው። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

የዳንሱን ነገር ያመጣችው አብራኝ የምትሠራ የቴክሳስ ሴት ናት። በሥራ ቀን ማታ፣ ባንዱ መጫወት ከመጀመሩ በፊት ለጀማሪዎች በነጻ የሚያስተምር ዳንስ ቤት እንዳለ ነገረችኝ። ባለቤቴ “ዳንስ” ሲባል ፊቱን አዞረ፤ “በነጻ” ሲባል መለሰው። “መቼም ሐኪም ካዘዘ…” አለ።

ለካንትሪ ሙዚቃ እንግዳ ነን ማለት አይቻልም። በካሴት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጂም ሪቭስን፣ ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶን ዊሊያምስን ያልሰማ የኔ ዕድሜ ሰው ማን አለ? ሦስቱም የቴክሳስ ልጆች መሆናቸውን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው፤ ኬኒማ የሂዩስተን ልጅ ነው። እኛ ግን ስንሰማቸው አገጫችንን በእጃችን ደግፈን፣ ከሻይ ጋር፣ ቁዘማ በቁዘማ ሆነን ነበር። እዚሁ አገራቸው ሰው ተነሥቶ ወለሉን ሲፈጭ ሳይ፣ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ የተከዝኩ መሰለኝ።

መምህራችን ከኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። “ይኼ ወለል መንገድ ነው” ብላ ጀመረች። ሁሉም የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ፈጣኖቹ በውጭው ጠርዝ ይሄዳሉ፣ ዘገምተኞቹ ከነሱ ወደ ውስጥ፤ መሃሉ ባሉበት ለሚወዛወዙና በመስመር ተሰልፈው ለሚጨፍሩ የተተወ ነው። ጠርዙ ላይ ቆሞ ማውራት ክልክል ነው። መቅደም የፈለገ ተጠንቅቆ ይቀድማል፤ የገጨ ይቅርታ ይጠይቃል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ የነበረው ባለቤቴ ቀና አለ። “መንጃ ፈቃዱ አለኝ” አለኝ በአማርኛ።

እርምጃው ሲነገር ቀላል ነው፤ ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቀስ፣ ቀስ። ቶሎዎቹ አንድ አንድ ምት፣ ቀሶቹ ሁለት ሁለት ምት ይወስዳሉ፤ ድምሩ ስድስት። (አንዳንድ መምህር ከቀሱ ያስጀምራል፤ በዚህ የተነሣ የሚኳረፉ ሰዎች አሉ።) ሙዚቃው ግን የሚሄደው በአራት ነው። እግር በስድስት ሙዚቃ በአራት ሲቆጥሩ፣ እኩል የሚነሡት በየአሥራ ሁለት ምቱ ነው ማለት ነው። አብረውን የሚማሩት አሜሪካኖች እዚህ ላይ ጣታቸውን እየቆጠሩ ተወዛገቡ። እኛ ጆሯችን ያደገው በችክችካ ነው፤ ከበሮው በሦስት ሲሄድ እጃችን በሁለት ቢያጨበጭብ ማንም ደንግጦ አያውቅም። በዚህ በዚህ ከክፍሉ አንደኛ ወጣን። በቀረው መጨረሻ።

መከራው የመጣው ትከሻ ላይ ነው። በዚህ ዳንስ የወንዱ ቀኝ መዳፍ የሴቲቱ ግራ የትከሻ አጥንት ላይ ያርፋል፤ በግራ እጁ ቀኝ እጇን ይይዛል፤ የሷ ግራ እጅ እሱ ክንድ ላይ ይቀመጣል። ከወገብ በላይ ያለው አካል ምንም እንዳልሰማ ጸጥ ይላል። ሥራው ሁሉ የእግር ነው፤ እሱም ቢሆን ከወለሉ ሳይነሣ እየተንሸራተተ። አሁን ይኼን ሁሉ ጎጃም ተወልዶ ላደገ ሰው ንገሩት። ባለቤቴ እስክስታ ሲመታ እግሩ እንደተተከለ ነው፤ አገር የሚያቀናው ትከሻው ነው። ባንዱ ተነሥቶ ፊድሉ ሲጮኽ እኔም ልቤ ወደ ማሲንቆ ሄደ፤ የሱማ ትከሻ አስቀድሞ ሄዷል። ክንዱ ላይ ያለው እጄ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ አምባሬ ተንጫጫ። መምህሯ ሙዚቃውን አስቁማ መጣችና በዝግታ፣

“ባለቤትሽን ያመዋል?” አለችኝ።

“አዎ፣ ሐኪም ነው የላከን” አልኳት።

ከዚያ ደግሞ ማጨብጨብ አለ። መምህሯ ስታጨበጭብ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ሰው አልፈው ወደሚቀጥለው ወንድ ይሄዳሉ። ባለቤቴ ይኼን ሲሰማ የደነገጠው መደንገጥ! አንዲት ወርቃማ ጸጉር ያላት ወይዘሮ ስትደርሰው ክንዱን እስከ ጫፍ ዘርግቶ ያዛት፤ በመካከላቸው ሌላ ጥንድ መጨፈር ይችል ነበር። እርምጃው ከመጀመሩ በፊት ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ሲያልቅም ይጠይቃታል።

እኔ የደረሰኝ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነበር። “ማም” ብሎ ጎንበስ አለና ያዘኝ። ከዚያ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ብቻ ሄድን። መዳፉ ቀድሞ የትከሻዬን አጥንት ሲነካ እግሬ ሳይጠይቀኝ ይከተላል። በመሃል ወሬም ያወራል። ዳንሱን የተማረው ከእናት ከአባቱ ነው፤ ወላጆቹ ሲጨፍሩ እሱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያስተኙት ነበር። ያኔ በገጠሩ ቴክሳስ ቤተሰብ በሙሉ ነበር ዳንስ ቤት የሚሄደው። ብዙዎቹን የድሮ አዳራሾች የሠሯቸው የጀርመንና የቼክ ስደተኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1878 የተሠራው ግሪን ሆል ዛሬም ይጨፈርበታል። እኛስ? የትኛው ሐበሻ ሠርግ ነው ሌሊት ሕፃናት ካፖርት ክምር ላይ ተደርድረው የማይተኙበት? ሽማግሌውን እዚያው በልቤ አዛመድኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ መሪውን ይዞ ብዙ ዝም አለና፣ “ያ ባለባርኔጣ እንዴት ነው የሚጨፍረው?” አለኝ።

“ማርሽ ሲቀይር አይሰማም” አልኩት።

እስከ ቤት ድረስ አልተነፈሰም።

በማግስቱ ጋራዡን ባዶ ሲያደርግ አገኘሁት። የልጁን ብስክሌት፣ የጤፍ ከረጢቱን፣ ከአገር የመጣውን በርበሬ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ገፍቶ ወለሉን ጠርጓል። “ነይ” አለኝ። “አሁን ገብቶኛል። አንቺ ተሳቢ ነሽ።”

ተሳቢ! ዲግሪ አለኝ፣ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ የቤቱን ዕዳ ግማሹን የምከፍል ሰው ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። “አስጨርሺኝ። እኔ እስከ ዛሬ አንቺን ይዤ ወደ ፊት የምሄድ መስሎኝ ነው የምሳሳተው። ለካ ሪቨርስ ነው የምነዳው።”

ከዚያ ባገባሁት ሰው አፍ ሰምቼ የማላውቀው ትምህርት መጣ። ተሳቢን ወደ ኋላ ሲያስገቡ መሪ የሚዞረው በተቃራኒው ነው፤ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ። እሱም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ጀማሪ ሾፌር ቸኩሎ ብዙ ያዞርና ተሳቢው ከፊት መኪናው ጋር ይታጠፍበታል። ያን ጊዜ ማስገደድ አይቻልም፤ ወደ ፊት ወጥቶ፣ አቃንቶ፣ እንደገና መጀመር ነው። “ወደ ፊት ስትነጂ ጌታው ሾፌሩ ነው” አለ። “ወደ ኋላ ሲሆን ጌታው ተሳቢው ነው። ሾፌሩ እሱ የሚለውን እያየ ይከተላል። መጋዘን የሚደረምሰው ይኼ ያልገባው ነው።”

ልጃችንን ከነመነጽሩ ከክፍሉ ጠርቼ፣ “በል አሁን በምስክር ፊት ድገመው” አልኩት። ደገመው። ልጁ ስልኩ ላይ ቀዳው፤ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ሁሉ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ታየ። በአንዱ ትከሻዬ በኩል አሻግሮ ያይና በሌላኛው ይመለከታል፤ መስታወት መሆኔ ነው። መዳፉ መግፋት ትቶ መናገር ጀመረ። አንድ ክፉ አመል ብቻ ቀረበት፦ እኔ በቀኝ እግሬ ባፈገፈግሁ ቁጥር ከጥርሱ መሃል “ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ” ይላል። ከኋላ ያሉት ጥንዶች እየሳቁ መንገድ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ጥቅም የለውም አልልም።

ቡትስ የግድ ሆነ። የስኒከር ጎማ ወለሉን ይነክሳል፤ የቆዳ ሶል ግን ይንሸራተታል። ባለቤቴ ያገለገለ፣ ሹል አፍንጫ ያለው አንድ ጥንድ ገዛ። ሲገባ በደህና ገባ። ማታ ግን እግሩ አበጠና አልወጣ አለ። ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ከፊት ሆኜ ብስብ እሱም ከነቡትሱ ተከተለኝ። በመጨረሻ ጀርባዬን አዙሬ እግሩን በጉልበቶቼ መካከል ያዝኩና ተረከዙን ጨብጬ ሳብኩ፤ እሱ ደግሞ ነጻ በሆነው እግሩ ከኋላዬ ይገፋኛል። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው፤ “ግቡ” ያለውም ልጁ ነው። የጽዋ ማኅበራችን ትልቅ እናት ናቸው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው።

“በስመ አብ ወወልድ!” አሉ በር ላይ።

“ሐኪም ያዘዘው ነው እትዬ” አለ ባለቤቴ፣ እግሩን ሳያወርድ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ዕድሜ ለሁዳዴ! ጾሙ ገባና ሃምሳ አምስቱን ቀን ቡትሱም እኛም አረፍን፤ ወሬውም በሽሮ ሞተ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ትልቁን ዳንስ ቤት ሳናይማ አንቀርም ብለን ፎርት ወርዝ ወረድን፤ ቢሊ ቦብስ ቴክሳስ። ቤቱ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1910 ለከብት ትርኢት ነው፤ በረት ነበር በአጭሩ። ጆን ትራቮልታ ባርኔጣ አድርጎ የጨፈረበት “ኧርባን ካውቦይ” የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1980 ወጣና ከብት አይቶ የማያውቀውን ከተሜ ሁሉ ቡትስ አስገዛው። ይኼኛው በረት ዳንስ ቤት ሆኖ የተከፈተው በዓመቱ ነው። ዛሬም እዚያው ጣሪያ ሥር የኮርማ ግልቢያ አለ፤ ጎጃሜው ባለቤቴ ኮርማውን ሲያይ “ለእርሻ ነበር” ብሎ ተቆጨ።

ወለሉ ጢም ብሏል። ገባን። ዙሩን ሳንገጭ ጨረስን፤ ሰው እየቀደመን ያልፋል፤ ባለቤቴ በእጁ “እለፉ” ይላል። ከዚያ ባንዱ ዋልዝ መታ። ሦስት ምት። ፊድሉ ብቻውን ወጣ። ባለቤቴን አየሁት፣ አየኝ። ሁለታችንም ምንም ሳንባባል ከመንገዱ ወጥተን ወደ መሃሉ ገባን፣ እጅ ለእጅ ተላቀቅን፣ ፊት ለፊት ቆምን፤ እሱ ትከሻውን ለቀቀው። እኔም ከዚያ በኋላ አንገቴን ማን ይይዘዋል።

ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ግዙፍ ሰው፣ የቀበቶው ዘለበት ድስት ክዳን የሚያክል፣ መጥቶ “ይኼ ነገር ምን ይባላል?” አለ። ነገርነው። “አሳየኝ” አለ፤ አሳየው። ሰውዬው ትንፋሹን ሰብስቦ ሞከረ። ትከሻው ንቅንቅ አላለም፤ ቡትሱ ግን ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይዞት ሄደ፤ ባርኔጣውም ወደቀ። ባለቤቴ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ አራግፎ ሰጠውና፣ በመምህራችን ጎርናና ድምፅ፣

“መጀመሪያ እግርህን አቁም” አለው።