ምግብ የሚፈራ ሳህን

ብር ምግብ አይወድም። ጨው ያነክተዋል፤ እንቁላል ያጠቁረዋል፤ ሽንኩርትም ያው ድኝ አለበትና አይምረውም። እንግሊዞች የብር ጨው ማስቀመጫቸውን ውስጡን ወርቅ የሚቀቡት ወይም ሰማያዊ ብርጭቆ የሚያለብሱት፣ እንቁላል በአጥንት ማንኪያ የሚበሉት ለዚህ ነው። ዶሮ ወጥ ቢወጣበትማ ጨውም፣ እንቁላልም፣ ሽንኩርትም በአንድ ምሽት ተባብረው ይዘምቱበታል።

ይህን ሁሉ ያሳሰበኝ ባሮን ፈርዲናንድ ደ ሮትሽልድ የተባለው ዕቃ ሰብሳቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ባክንግሃምሺር ውስጥ ያሠራው ዋድስደን ነው። የገጠር ቤት ይሉታል፤ ገጠሩን ሁሉ ቢያስገቡበት አይጠብም። ዛሬ እዚያ ከሚታየው ሁሉ እኔንና አክስቴን ያፈዘዘን የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ የብር ገበታ ነው። ንጉሡ ጀርመን ላለው የሃኖቨር ቤተ መንግሥታቸው ብለው ሮበር ዦዜፍ ኦጉስት የተባለውን የፓሪስ አንጥረኛ አሠሩ። ሃኖቨርን ግን ዕድሜ ልካቸውን አልረገጧትም።

«ታዲያ ለማን ነው ያሠሩት?» አለች አክስቴ።

እኔ ግን ንጉሡን አልፈረድኩባቸውም። የእኛ ቤት ቡፌስ ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ታስሮ፣ ብርጭቆዎቹ ለማይመጣ እንግዳ ሲጠብቁ አልነበር የኖሩት?

የሚያሳዝኑኝ ወልዋዮቹ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ትላልቅ ቤቶች አሽከሮች ሮዥ የሚሉትን ቀይ ዱቄት በአሞኒያ ለውሰው ብሩን በባዶ ጣታቸው ያሹት ነበር። ጣቱ ይላጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፤ ማሸቱ ግን አይቋረጥም። ቆዳው ከደደረ በኋላ ነው አሽከሩ ሙያ ያዘ የሚባለው። ሌሊት ደግሞ ብሩ በተቆለፈበት ክፍል አጠገብ አልጋ ተዘርግቶለት የሚያድር ነበር። ጌታው ሹካውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፤ በቃ፣ የእሱ ድርሻ ይኸው ነው።

ክሪስታሉ ይሻል ይሆን ብለን ዞር አልን። አይሻልም። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት በ1674 የፈጠራ መብት ካገኘበት ወዲህ እንግሊዞች መስታወቱ እንዲያበራና ነካ ሲያደርጉት እንዲያቃጭል እርሳስ ይጨምሩበታል። ወይን ብዙ ሲቆይበት ታዲያ እርሳሱ ቀስ እያለ ወደ መጠጡ ይገባል። ይህንኑ ለአክስቴ አስረዳኋት።

«ቶሎ መጠጣት ነዋ!» አለች። ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የወደደችው ይህችን ብቻ ነው።