እሜቴ አሜሪካ ገብተዋል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለጋሼ፣ ለእቴቴና ገላን ጉራ ላለው ቤተሰብ ሁሉ፤ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ፣ ከወገቤና ከባንክ ዕዳዬ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትሉ አውቃለሁ። በስልክ ሳወራ ጋሼ መሃል ላይ ገብተው «እና ያቺ ቆርቆሮ ተነሳች?» ይሉና ወሬዬን ያበላሹብኛል። እቴቴም ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ቡና ትወቅጣለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። እቴቴ፣ አንቺ አንብቢላቸው፤ ጋሼን የሚነካው ቦታ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

እሜቴ ደርሰዋል። አንድ የኋላ መብራት ተሰንጥቋል፤ ሌላው አካላቸው ደህና ነው።

ጋሼ «ለአሜሪካ መኪና መላክ ለጎጃም ጤፍ መጫን ነው» ያሉት ለቅሶ ቤት ሳይቀር መዞሩን ሰምቻለሁ። «መኪና ከሚጭን ሚስት ቢጭን» ያልሽውም ደርሶኛል፣ እማዬ፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ እንነጋገርበታለን። ግን ምን ላድርግ? በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺሱ ግቢያችን ሲፈርስ የአባባን ቮልስ፣ እሜቴን፣ ማን አስጠጋቸው? ሻምበል ጋራዥ ከቆርቆሮ አጥር ሥር ቆመው ዶሮ ሲያድርባቸው እኮ ነው የደረስኩት። እንዳይሸጡ፣ አንቺ «የባሌ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም» ብለሽ ተገዘትሽ። ትቻቸው እንዳልሄድ፣ ቁልፉ ጋሼ እጅ ይገባል። የላንቻውን ነገር አንስቼ ሰው አላሳቅቅም።

መንገዱ ደግሞ የመሄጃ ብቻ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። እሜቴ አንድ ቀን «አገሬ ናፈቀኝ» ቢሉ ሞተራቸውን አስወልቀው ባትሪ መዋጥ ሊኖርባቸው ነው። ጋሼ ግን የተቆጡት በዚህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዲቪ በፖስታ ይላክ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በየዓመቱ የሚሞሉት እሳቸው፤ አሜሪካ የገቡት እሜቴ! ፎቶ አልተነሱ፣ ለቃለ መጠይቅ አልተሰለፉ፣ የባንክ ደብተር አልተጠየቁ። የተጠየቁት ዕድሜያቸውን ብቻ ነው። እዚህ አገር 25 ዓመት የሞላው መኪና የደኅንነት መስፈርት አይጠየቅም፤ ጭሱንም 21 ዓመት ካለፈው ይምሩታል። እሜቴ ከ60 በላይ ስለሆኑ በክብር አለፉ። ጋሼ፣ እርስዎም ከ60 በላይ ነዎት ብዬ ጠይቄልዎት ነበር፤ ሕጉ ለመኪና ብቻ ነው አሉኝ።

ጉዞውን ባጭሩ ላሳልፈው። ትራንዚተሩ «ታንኩ ከሩብ በላይ እንዳይሞላ፣ ባትሪው ይነቀል፣ የራዲያተሩ ውሃ ይፍሰስ» ብሎ ዝርዝር ሲሰጠኝ ሻምበል እንዴት እንደሳቀ ታስታውሳላችሁ። ከሩብ በላይ መቼ ሞልተንላቸው እናውቃለን? ራዲያተርስ እሜቴ መቼ ነበራቸው? ውሃ ሳይጠጡ በአየር ብቻ የኖሩ ባሕታዊ ናቸው። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ሞጆ ላይ ታሸገ፣ በጋላፊ ወጥቶ ጅቡቲ ገባ። ከዚያ በቀይ ባሕር በስዊዝ በኩል ቶሎ ይደርሳል ስንል፣ መርከቦቹ ከኅዳር 2016 ወዲህ የመን በኩል የሚተኮስባቸውን ፈርተው አፍሪካን በደቡብ ዞረው ነበር የሚሄዱት። ደብረ ዘይት መግቢያ ላይ «ዕረፍት ስጡኝ» ይሉ የነበሩ ሴት በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በኩል አህጉር ዞሩ!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እቴቴ፣ ቡናውን አውርጂና አንብቢ።

እሜቴ የወረዱበት ወደብ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከረባት አስሬ ሄድኩ። (አትሳቁ፤ አባባ ያለ ከረባት መሪያቸውን ይዞ ያውቃል?) አንድ ልጅ እግር መርማሪ የእጅ መብራትና ትንንሽ ከረጢቶች ይዞ ወጣ። የልጁ ሥራ መኪና አይደለም፤ አፈር ነው። አሜሪካኖች ከባሕር ማዶ የመጣ መኪና ሆዱ ሥር አፈር ከተገኘበት አያስገቡም፤ የአረም ዘሩ፣ ነፍሳቱ፣ የከብት በሽታው አብሮ ይመጣል ብለው ይፈራሉ። ሻምበል ደግሞ «አጥቤያቸዋለሁ» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ሻምበል ያጠበው ሰው የሚያየውን ነው።

ልጁ በጀርባው ተንጋሎ እሜቴ ሥር ገባ። በዚህ ዕድሜያቸው! ፊቴን አዞርኩ። ከሥር ሆኖ ቡጭቅ ቡጭቅ ሲያደርግ ቆየና ጡብ የሚያህል ጭቃ ይዞ ብቅ አለ።

«ይኼ የት አፈር ነው?»

«የካዛንቺስ።»

«የእርሻ ቦታ ነው?»

ደሜ ፈላ። «እንዴት እርሻ ትላለህ? የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያለበት ሰፈር ነው፤ በ1953 የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ከደጃችን ነው» አልኩት። ጭቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከከረጢቱ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቀው።

«መኪናው ከከብት ጋር ንክኪ ነበረው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር ወይስ የቤተሰቡን ክብር ልጠብቅ ብዬ አመነታሁ። ወዲያው ከኋላ ወንበር ስፌት ውስጥ ነጭ ጸጉር መዞ አሳየኝ። ያ የፋሲካ በግ ነው! በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የኡራኤልን ምዕመናን ሰላም ሲል የነበረው። «አንድ በግ ነበር» አልኩት። «ተጭኖ?» ሲለኝ «አልተጫነም፣ ተቀምጦ ነው» ብዬ አረምኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

ከዚያ ምንጣፉን ገለበጠ። እማዬ፣ ወፍጮ ቤት ስትልኪን ከረጢቱ የተቀደደ ጊዜ «ጠርገነዋል» ብለንሽ ነበር። አልጠረግነውም። ልጁ ወረንጦ አውጥቶ ጤፍ ይለቅም ጀመር። ጤፍ! አንድ ባንድ! ዓለም ከተፈጠረ ጤፍ በወረንጦ የለቀመ ሰው እሱ የመጀመሪያው ይመስለኛል። «ይኼ ዘር ምን ያክል ያድጋል?» ይለኛል እያነሳ፤ «ቀስ በል፣ በአፍንጫህ ከሳብከው አታገኘውም» እለዋለሁ።

ይኼ ሁሉ ቀላል ነበር። የፈነዳው የሾፌሩን ወንበር ሲያነሳ ነው። እናቴ ሆይ፣ ምን አድርገሻል? ትራንዚተሩ «ውስጡ ባዶ ይሁን» ሲል አብረሽ ራስሽን እየነቀነቅሽ አልነበረም? በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ እንደገና በፌስታል ተጠቅልሎ ወጣ። ልጁ ጣቱን ጓንት አልብሶ ፈታው። አመድማ ዱቄት።

ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ይኼ ምንድን ነው?»

አሁን እዩልኝ። ከኡራኤል የመጣ እምነት መሆኑን እኔ አውቃለሁ። አፈር ነው ብል፣ አፈር ክልክል ነው። አፈር አይደለም ብል፣ ከአፍሪካ በመጣ መኪና ወንበር ሥር የተደበቀ ዱቄት ነው። በአንደኛው መኪናዬን፣ በሁለተኛው ራሴን አጣለሁ። «ግንባር ላይ የሚቀባ ነው» አልኩት። «መድኃኒት?» «ለሚያምን ሰው አዎ።» «ይጠጣል?» «አንዳንዴ በውሃ።» በተናገርኩ ቁጥር እየባሰ ሄደ። ሬዲዮኑን አውጥቶ አለቃውን ጠራ፤ እኔም በልቤ ኡራኤልን ጠራሁ።

ኡራኤል ቀድሞ ደረሰ ልበል? የመጣችው አለቃ ሸበቶ ሴትዮ ናት። እኔንም ዱቄቱንም አላየች። ቀጥ ብላ ወደ እሜቴ ሄዳ ጣሪያቸውን በመዳፏ ዳበሰች። «መንዳት የተማርኩት የአባቴ ላይ ነው» አለች። ሳንጋብዛት ገብታ ተቀመጠች፤ አዎ እማዬ፣ በአባባ ወንበር ላይ። ማርሹን ነካካች፣ ዓይኗን ጨፈነችና አየሩን ሳበች። «ይኼ ሽታ ምንድን ነው?»

እጣን ነው፣ ቡና ነው፣ በርበሬ ነው፣ ቤንዚንና የአባባ ኒያላ ነው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

እንዲህ ተባለ፤ እምነቱ ታሽጎ ይወሰዳል፣ ጤፉና ጭቃው ይወገዳል፣ መኪናው በእኔ ወጪ ከሥሩ ይታጠባል። ኃይለኛ ውሃ ለቀቁባቸው። ጭቃው ቀላ ብሎ፣ ከዚያ ጠቆር ብሎ እየተንሸራሸረ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ግቢው የለ፣ የነ እትዬ ሱቅ የለ፣ የቀረችን ያቺ ጭቃ ነበረች፤ እሷም በሰው አገር ቱቦ ስትወርድ ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋ ዓይኔን አይታ «ለአቧራ አለርጂ አለብህ?» ብላ መሀረብ ሰጠችኝ። አዎ አልኳት። አባባ ቢኖር «ክረምት በመጣ ቁጥር ስትረግማት የኖርካት ጭቃ ናት እኮ፣ አንተ ግብዝ» ይለኝ ነበር።

እምነቱን አስፈርመውኝ ወሰዱት። ግን አትዘኚ፤ ፌስታሉ ከመታሸጉ በፊት ሴትዮዋ ጣቷን ነከር አድርጋ ወገቧን ስትነካ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወገቧን ያማታል።

ጋሼ፣ ለጥያቄዎ መልስ፤ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሡ! አዲስ ባትሪ፣ ትንሽ ቤንዚን፣ አንድ ሁለት ሳል፣ ከዚያ ያ ድምፃቸው። ወደቡ ላይ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። እርስዎ ላንቻ ላይ ሲያስነሷቸው ማን አጨበጨበ?

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዣቸው ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እሜቴን ከበበ፤ እኔን ሰላም ያለ ሰው የለም። ሰዉ ሁሉ በሩን ከፍቶ አንገቱን እያስገባ ያሸታል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከሰው መሃል ወጥተው በከዘራቸው ጎማውን መታ መታ አደረጉና «ይቺን አውቃታለሁ! መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸው ይቺ ናት» አሉ። እንዲህ የሚል አባባ ብቻ መስሎኝ ነበር! የዚያን ቀን ጃንሆይ በአንድ ቮልስ ነው የወጡት። ከዚያ ወዲህ ግን «የእኔዋ ናት» የማይል የቮልስ ባለቤት አልገጠመኝም፤ እሳቸውም ቆይተው «የወንድሜ ነበረች» አሉ። አባባን አስቤ ዝም ብዬ አጽድቄላቸዋለሁ። ከፎልክስዋገን ፋብሪካዎች እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከ21 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ዓይነት መኪና ወጥቷል፤ ሁሉም ጃንሆይን ቢጭኑ ደርግ ያስፈለገው ለምን ነበር?

አሁን የቀረው ታርጋ ነው። ሜሪላንድ እንደ እሜቴ ላሉት «ታሪካዊ» የሚል ታርጋ ትሰጣለች። በሱ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፤ ለሰልፍ፣ ለኤግዚቢሽንና ለአንዳንድ ሽርሽር ብቻ ነው። እኔ በአውቶቡስ ሥራ እየሄድኩ እሳቸው ቤት ያርፋሉ ማለት ነው። ጡረታ ከዚህ በላይ የት አለ?

ለታርጋው ግን የአባባ ውርስ ወረቀትና ከሊብሬው ጋር የተያያዘው የስም ማዛወሪያ ኦሪጅናሉ ተፈልጓል፤ ፎቶ ኮፒውን አልቀበልም ብለዋል። እማዬ፣ ሳጥንሽ ውስጥ ከኡራኤል ሥዕል ጀርባ ነው። ጋሼ ውልና ማስረጃ ሄደው ያረጋግጡልኝ። ጠዋት በጊዜ ይሂዱ፣ ወረፋ ይያዙ፣ ከጥበቃው ጋር ስለ ዲቪ አይጨቃጨቁ፤ እቴቴ፣ አንቺም አብረሻቸው ሂጂ። ወረቀቱን ለሚመጣ ሰው በእጅ ስጡልኝ፤ ከወረቀቱ ጋር ምንም ነገር በፌስታል አትጠቅልሉ።

የሚወዳችሁ ልጃችሁ