ሦስተኛው የሸማ ዕቃ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአንድ ደጋ ጫካ ውስጥ ጋቢ የሚሠራ ጉሬዛ ነበር። አጋዘኑም ከርከሮውም ደጁን ይጠናሉ፤ ወረፋው ከክረምት እስከ ጥምቀት አያልቅም። እሱ ግን የሚሠራው በሁለት የሸማ ዕቃ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ትዕዛዙ በዝቶብናል። ሦስተኛ ለምን አንተክልም?» ይለዋል ልጁ።

«የያዝነው ይበቃናል።»

ልጁ አባቱ የሰነፈ ይመስለው ነበር። ጉሬዛ ግን በወጣትነቱ አምስት ዕቃ ነበረው። አንድ ማለዳ አንበሳው «ከሁለት በላይ ያለው ትርፉን ለመንጋው ያስረክብ» ብሎ አወጀ፤ ሦስቱን ከነድራቸው ጭነው ወሰዱበት።

በእኛም አገር በደርግ ዘመን የቸርቻሪ ካፒታል ከ200,000፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300,000፣ የኢንዱስትሪ ባለቤት ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ተደንግጎ ነበር። ገደቡ ከተነሣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። «ጎልተህ አትታይ» የሚለው ምክር ግን ዛሬም በስንቱ ነጋዴ ቤት ከሱቁ ጋር ይወረሳል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ያ አንበሳ አልፎ ሌላ ነገሠ፤ አዋጁም ተሻረ። ልጁ ገንዘብ አበዳሪዋ እመት ዔሊ ዘንድ ሄደ።

«የአርባ ጋቢ ትዕዛዝ አለኝ፣ እመት።»

«እኔ በመያዣ የምቀበለው ዋሻ ነው» አለችው። ጉሬዛ የሚኖረው ዛፍ ላይ ነው፤ ዛፉም የንጉሡ ነው።

በሳምንቱ ቀበሮ ለግብር መጣ። መዝገብ አልጠየቀም። በር ላይ ቆሞ የተቆለለውን ጋቢ በዓይኑ ለካ፤ የተሰለፉትን ቆጠረ፤ «በቀን ስድስት ትሸጣላችሁ» ብሎ ጻፈ። አንድ ጋቢ ብቻውን ሦስት ቀን ይፈጃል! የ2009ን የቀን ገቢ ግምት የሚያስታውስ ባለሱቅ ይህን አያጣውም። ከዚያ ወዲህ አባትየው የቀበሮ ኮቴ ሲሰማ መወርወሪያውን ያስቀምጥና ሁለተኛውን ዕቃ በአሮጌ ሰሌን ይሸፍናል። ጦጣ «ጉሬዛ መቼም ትልቅ አያስብም» እያለች ታማዋለች።

በኋላ ዔሊ ራሷ ለልጇ ሠርግ ጋቢ ልታዝ መጣች። ወረፋ ይዛ ስትውል ገዢውን አየች።

«ዋሻው ይቅር፤ በትዕዛዛችሁ አበድራለሁ። አባትህ ግን ዋስ ሆኖ ይፈርም።»

ጉሬዛ ዝም ብሎ ቆየና «ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ አዋጁ ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል» አለ። «ለሦስተኛው ዕቃ እፈርምልሃለሁ። ለአራተኛው ግን ቀበሮ መዝገባችንን አንብቦ ግብር ሲተምን፣ ያሁኑም አዋጅ አሥር ክረምት ሳይነካ ሲዘልቅ ና።»