ማኅተም ያረፈበት እንባ

በሞጆም በሻሸመኔም፣ በተለይ በአዳማ፣ አሟሟቱ እንዲያምርለት የሚሻ ሰው ቢሮ ይቀጠር። ባረፈ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕዝብ ግንኙነቱ የሐዘን መግለጫውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፍለታል፦ ታታሪ፣ ቅን፣ ለባልደረቦቹ አርአያ። ሟቹ በቁሙ እንዲህ ሲባል ሰምቶ አያውቅም፤ የመጨረሻው የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ «መካከለኛ» ነበር። ዕድገት የነፈገው ኮሚቴ አሁን «በቀላሉ የማይተካ» ሲል ፈርሞለታል። በሳምንቱ ለቦታው የቅጥር ማስታወቂያ መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ሰርቪሱ ይነሳል። በሥራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ የሚቀበር ሰው ምንኛ ደግ ነው! ሪፖርት ሲጠየቅ የማይገኘው ክፍል እንኳ አንድ ሰው ሳይጎድልበት ይሳፈራል። ድንኳኑ ጋ ሲደረስ ቀድሞ የሚወርደው የአበባ ጉንጉኑ ነው፤ ሪባኑ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም በትልቁ፣ የሟቹ በትንሹ። ኃላፊው ፊት ወንበር ላይ ሆነው ካሜራ ይጠብቃሉ፤ ሐዘንተኛዋም ቀና እንድትል ትለመናለች፣ ፎቶው ጨልሟላ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ አንቺም ቤተሰባችን ነሽ፤ ቢሯችን ሁሌም ክፍት ነው።» የእድሩ ሰዎች ግን ድንኳን ተክለው፣ ወንበርና ብረት ድስት ተሸክመው፣ ብሩን አስረክበው፣ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሱ ያድራሉ። ኋላ ቀርነት ይሏችኋል ይህ ነው።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናትና ሐዘኑ አዳራሽም ይገባል። ጉባኤው በአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ይከፈታል። ደቂቃዋ ሳትጋመስ ሰብሳቢው «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። አበሉ ግን የሙሉ ቀን ነው።

ከአርባው በኋላ የሟቹ ሚስት «ክፍት ነው» ወደተባለው ቢሮ ትሄዳለች። የሰው ሀብት ክፍሉ የሟቹን ክሊራንስ ይጠይቃታል፦ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ የመሳቢያ ቁልፍ፣ ድሮ የፈረመበት ፍላሽ። ሟች ንብረት ይዞ እንዳይሰወር መጠንቀቅ አስተዋይነት ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ወራሽነት፤ ይሁን፣ ይህስ ደንብ ነው። ፋይሉ ግን ጠፍቷል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው መሥሪያ ቤት ሰውየው የተቀጠረበትን ቀን አያውቅም! ፈራሚውም ስብሰባ ላይ ናቸው።

ሕጉ እንዲህ አያለቅስም። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት የሦስት ወር ደመወዙ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለጥገኞቹ እንዲከፈል ይላል። የመንግሥት ሠራተኛ ላልሆነው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል፤ ሞትም ውል ያቋርጣል። ከጡረታው 50 በመቶው የትዳር ጓደኛው ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ በሚቀጥለው ለቅሶ አበባውም ባነሩም ይቅርብን። ሰርቪሱ ላይ ሒሳብ ሹሙን ከነተፈረመው ቼክ አሳፍሩልን።