ገንዳው ይነፋል፣ አጥሩ አይነፋም

አገር ቤት ገና ማለት ጋቢ ነው፤ ሜልቦርን ገና ማለት ላብ ነው። የዶሮውን ሽንኩርት ስናቁላላ የምድጃው ሙቀት አልበቃ ብሎ የሰማዩ ይጨመርበታል። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 እዚህ ከተማ 46.4 ዲግሪ ሲገባ የነበሩ ሰዎች የኛን 40 ዲግሪ እንደ ሙቀት አይቆጥሩትም፤ ይመቻቸው። ልጆች ግን ይህን ታሪክ አያውቁም። ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ “ውሃ!” ነው፣ ማታም “ውሃ!” ነው።

እናም አባት ተብዬው ሱቅ ይሄዳል። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሚነፋ ገንዳ በካርቶን ታጥፎ፣ ላዩ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ቤተሰብ ታትሞበት፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ አጠገብ ተደርድሯል። ሂሳብ ተቀባይዋ “ፌስታል ትፈልጋለህ?” ትለዋለች እንጂ “አጥር አለህ?” አትለውም። ማስጠንቀቂያውማ ተለጥፎበታል፤ ሕግ ስለሚያስገድድ። ግን ሁለት ልጅ መኪና ውስጥ እየጮኸበት ካርቶን የሚያነብ አባት ካለ አሳዩኝ።

ጣጣው ቤት ሲደርስ ይጀምራል። በቪክቶሪያ ሕግ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ መያዝ የሚችል ገንዳ ሁሉ፣ በሲሚንቶ ተሠራ በአየር ተነፋ፣ መታጠር አለበት። “መያዝ የሚችል” የምትለዋን ልብ በሉ። እኔ “እስከ ጉልበታቸው እንኳ አልሞላሁትም” ብዬ ተከራክሬ ነበር። የሚለካው የሞላሁት ሳይሆን ገንዳው የሚችለው ነው አሉኝ። አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን። ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ፣ ሲዘጋም ራሱ የሚቆለፍ ይሁን። ሕፃን ቆሞበት የሚንጠላጠልበት ነገር፣ ወንበርም ሆነ የአበባ ማሰሮ፣ አጥሩ አጠገብ አይቀመጥ። “ግቢው እኮ ታጥሯል” ብትሉ አይሠራም፤ የግቢው አጥር የጎረቤትን ልጅ ይከለክል ይሆናል፣ የራሳችሁ ልጅ የሚመጣው ግን ከሳሎን ነው።

ከአጥር ሠሪው ጋር ስንነጋገር የጠራልኝ ዋጋ ያንን ገንዳ ለዕድሜ ልክ በየበጋው አዲስ ይገዛልኛል። ደግሞ ቤቱ የኔ አይደለም። የሰው ቤት ተከራይቶ ችካል መትከል እንደ ሠርግ ነው፤ ሽማግሌ መላክ ይጠይቃል። ኤጀንቱ አከራዩን ልጠይቅ አለ፣ አከራዩ ኢንሹራንሱን ልጠይቅ አለ፣ መልሱ ሲደርሰኝ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተመልሰው፣ እኔም ሹራብ ለብሼ ነበር።

ብልጦችም አሉ። ገንዳ ሦስት ተከታታይ ቀን ከቆመ ካውንስል ማስመዝገብ ግድ ነው ሲባሉ፣ ሦስተኛው ቀን ሳይሞላ ያስተነፍሱትና በማግስቱ እንደገና ይነፉታል። 3,500 ሊትር ውሃ በየሁለት ቀኑ ወደ ጎረቤት ቲማቲም! የውሃ ሂሳቡ ሲመጣ የሚያዝንላቸው የለም። ደግሞ ብልጠቱ ከንቱ ነው፤ ለሦስት ቀን የሚጠበቀው ምዝገባው እንጂ አጥሩ አይደለም። አጥሩ ገንዳው ከቆመባት ደቂቃ ጀምሮ ይፈለጋል።

ይህን ሁሉ ሳጉረመርም የሰሙኝ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሳቁብኝ። “እኛ ሐይቅ ዳር ነው ያደግነው፤ ማን አጠረልን?” አሉ። “ጋሼ፣ ሐይቁ ያስቀራቸው ልጆች አልነበሩም?” አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ነበሩ። ስማቸውንም አንድ በአንድ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ አጥሩ ላይ አፌን አልከፍትም። የሚነፋ ገንዳ ከሲሚንቶው የሚብስበት ነገርም አለው፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው። ቆሞ የሚመለከት ሕፃን ሲደገፈው ይታጠፍለትና በጭንቅላቱ ይገባል። የገንዳው መሰላልም ብትሆን ተረስታ ካደረች ለሕፃን ግብዣ ናት። ሰጥሞ የሚሞት ልጅ ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። እኔን የሚያንገበግበኝ አጥሩን የሚያህል ነገር ለኔ ብቻ መተዉ ነው። ገንዳውን የሸጠልኝ ሱቅ ገንዘቡን ተቀብሎ ወጥቷል፤ አከራዩ ኪራዩን ይጠብቃል፤ ሕጉ የሚያውቀው እኔን ብቻ ነው። አጥሩንና ገንዳውን አንድ ላይ ካልሆነ አልሸጥም የሚል ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም። ቢገጥመኝ ምርቃት አለው።

አጥር ያላቸውስ? ባለፈው አንዱ ወዳጃችን ቤት ተጠርተን ሄድን። ሰውየው ደንቡን ሳያጓድል አሳጥሯል፤ በሩ ስትለቀው ራሱ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ቡናው ፈላ፣ ፈንዲሻው ተበተነ፣ ሰው ከጓሮ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓሮ ይመላለስ ጀመር። በሩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል አንዱ ተሰላቸና የፕላስቲክ ወንበር አስደገፈበት። ያ ሁሉ ሺህ ዶላር በአንድ ወንበር ቀረ። የበለጠ የሚያሳፍረው፣ ሃያ ሰው በዚያ በር አለፈ፣ እኔም ሁለቴ አልፌያለሁ፤ ወንበሩን ያነሱት ለቶና የደረሱ የአንድ ልጅ አያት ናቸው።

የኛ ገንዳ አሁን ጋራዥ ውስጥ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ሣሩ ላይ ለሙከራ ያቆምነው ጊዜ የተወው ቢጫ ክብ እስካሁን አልለቀቀም። ልጆቹን የማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ እወስዳቸዋለሁ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ መኪና ማቆሚያ የለም፣ ግን ማማ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አለ። እናንተም አጥር ካላችሁና ለቡና ከጠራችሁን፣ እባካችሁ በሩ ላይ ወንበር የሚያስደግፍ እንግዳ ስታዩ አትፈሩት፤ እኔ ብሆንም ተናገሩኝ።