የእርሾ ድርሻ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ሰፊ ማድቤት ውስጥ ብዙ ባለሙያዎች አብረው ይኖሩ ነበር። ጤፍ «እኔ የአድአ ማኛ ነኝ» እያለ ይኮራል። ምጣድ «እሳት ያልፈተነው ስለ እንጀራ አያውራ» ይላል። ሐረር የተሰፋው መሶብ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ሳሎን የሚወጣው እሱ ነውና አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀመጣል።

ከቡሃቃው ጀርባ፣ ጨለማው ጥግ ላይ፣ በትንሽ ቅል ውስጥ እርሾ ትኖር ነበር። መልኳ ቢጫ ውሃ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ሊጥ በተቦካ ቁጥር ትጠራለች፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ስትሠራ ታድራለች፤ ከዚያ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይገኛል። እንግዶች እንጀራውን እየቆረሱ «ዓይኑን አያችሁልኝ?» ሲሉ ምስጋናውን ጤፍና ምጣድ ይካፈሉታል፤ የተረፈውን መሶብ ይወስደዋል።

ፋሲካ ደረሰ። ቤቱ እንግዳ በእንግዳ ሆነ። ከእያንዳንዱ ሊጥ ለእርሾ ይቀር የነበረው ድርሻ በጥድፊያው ተረሳ። «ዛሬ እንግዳ በዝቷል፤ ለነገ እናስቀርላታለን» እያሉ ነጋቸውን በነገ ተኩት። ነገሩን ያስተዋለችው ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ማሰሻ ብቻ ነበረች።

«እርሾ፣ ገርጥተሻል። ደከመሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ።»

አንድ ጠዋት ሊጡ እንደተኛ ተገኘ። ቢጋገር ዓይን የሌለው ቂጣ ሆነ። ጤፍ ምጣድን ወቀሰ፤ ምጣድ እንጨትን፤ እንጨት ያረጠበውን ዝናብ። ጭቅጭቁ ሲከር ማሰሻ ቅሉን አምጥታ መካከላቸው አስቀመጠችው። እርሾ ከታች ጠብታ ታህል ቀርታለች፤ ዙሪያዋን የደረቀ ቅርፊት ይዞታል። ሁሉም ጸጥ አሉ።

መጀመሪያ የተናገረው መሶብ ነው። «እማዬ፣ ያላንቺ ምንም ነን!» ብሎ ረጅም ውዳሴ አወረደ። ማድቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ቅሉ ውስጥ ግን የተነቃነቀ ነገር አልነበረም። ቆይቶ ደካማ ድምፅ ተሰማ፦

«ልጆቼ፣ ቃላችሁ ልቤን አሙቆታል። ግን ምስጋና ብቻውን አያቦካም። እፍኝ ዱቄት፣ ጭልፋ ውሃና ጥቂት ጸጥታ ስጡኝ።»

ጤፍ አፍሮ ከራሱ እፍኝ ዘገነላት። እንስራ ውሃ አንጠባጠበችላት። አክንባሎ ላይዋ ላይ ተደፍቶ ከብርድ ጠበቃት። ምጣድም «ሦስት ቀን እንጀራ አይጋገርም» ብሎ ለቤቱ ሁሉ ቆሎ ቆላ። እንጀራ በመጥፋቱ የሞተ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ከቅሉ አረፋ ብቅ አለ፤ እርሾ ነቃች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ማድቤት ሕግ ወጣ፦ ምጣዱ ከመጣዱ በፊት የእርሾ ድርሻ ይቀመጥ። የተረፈ ሳይሆን የመጀመሪያው ይሁንላት። እስከ ዛሬም ባለሙያ ሴት ለእርሾ ሳታስቀር ሊጧን ጋግራ አትጨርስም።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን እርሾ አለች። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ የልጆቿን ምሳ ትቋጥራለች፤ ታክሲ ተጋፍታ ሥራ ትገባለች፤ ማታ ተመልሳ በአንድ እጇ ሽንኩርት እያቁላላች በሌላው የልጇን ደብተር ትገልጣለች። ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እኛም አምነናት እንተኛለን።

እናቶች ሆይ፣ ሌሊት የሠራችሁት ባይታይም በቤታችን የምናየው ዓይን ሁሉ የወጣው ከእናንተ ነው። ድርሻችሁን መጠየቅ ስስት እንዳይመስላችሁ፤ የደረቀ ቅል ማንንም አይመግብም።

ባሎች፣ ልጆች፣ ዛሬ ማታ «እግዜር ይስጥልን» በሏት። ቃሉ ይገባታልና አትሰስቱባት። ከዚያም እጅጌያችሁን ሰብስቡና ሳህኑን እናንተ እጠቡ፤ እሷ ትረፍ።