ስንት ሊትር?

ሸዋ ሮቢት ላይ «ቦይለሬ ተበላሸ» ብሎ የሚያዝን ሰው አጽናኝ አያገኝም። ቀትር ላይ ቀዝቃዛውን ቧንቧ የከፈተ ሁሉ እጁን ቶሎ በሚሰበስብበት፣ ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ሮቶ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው በሚውልበት ከተማ፣ ምን ቦይለር? እንዲህ የምትሉ አማቴን አታውቋቸውም። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ በጣርማ በር ዋሻ አልፈው፣ ደብረ ሲናን ጥለው፣ ሹራባቸውን ሳያወልቁ ቁልቁል ወረዱና ገና አረፍ ሳይሉ «አራስ ቀዝቃዛ ውሃ አይነካትም» አሉ። ቀዝቃዛ ውሃማ ቢገኝ እኔው በጠጣሁት! ይህን ግን በሆዴ ነው ያልኩት።

አሮጌው ቦይለር ከሥሩ ዝጎ ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ አዲስ መግዛት ነው፤ እስከዚህ ጸብ የለም። ጸቡ መጠኑ ላይ ነው። ጎረቤቴ ወሬዬን ሳልጨርስ «ሰማንያውን!» ይላል፤ «ሠላሳ ሊትር ምን ያደርግልሃል፣ እንግዳ ቢመጣስ?» ይፋት ውስጥ እንግዳ መምጣቱ እውነት ነው። ግን ሮቢት ወርዶ ሙቅ ውሃ የለመነ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። ነጋዴውም «ቤተሰብ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ውሃው ስንት ዲግሪ ሆኖ እንደሚገባ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ሒሳቡ እኮ ቀላል ነው። ቦይለር ውሃውን 60 ዲግሪ ያደርሰዋል እንበል፤ ገላችንን የምንታጠበው ግን በ40 ነው። የሮቢት ውሃ 30 ሆኖ ከመጣ፣ ለአንድ ጣሳ ሙቅ ሁለት ጣሳ ከቧንቧው ይደባለቅበታል፤ 30 ሊትሩ 90 ሆነ ማለት ነው። አማቴ አገር ውሃው 15 ሆኖ ቢመጣ ያው 30 ሊትር ከ54 አያልፍም፤ 90 ለማግኘት 50 ሊትር ቦይለር ያስፈልጋል። ቦይለር 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ በራሱ ጊዜ ያድጋል፤ ይህን ለጎረቤቴ ባስረዳው «ተወው፣ ሙቀቱ ነው» ብሎ ለሚስቴ አዘነላት።

ቦስተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትደውል ብነግራት ደግሞ «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» አለችኝ። ቤቷ አሮጌ ነው፤ ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን በቱቦ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይልካል። ያም ያረጅና ሠራተኛ ይመጣል፤ የድሮውን ቦይለር ቁጥር አንብቦ «በልኩ እንተካዋለን» ይላታል። በማን ልክ? የእንፋሎት ቦይለር የሚለካው በቤቱ ስፋትም በነዋሪው ብዛትም ሳይሆን በተቀጠሉለት ራዲያተሮች ነው። ክፍል ለክፍል ዞሮ ራዲያተሩን መለካት፣ ለአንዱ ስኩዌር ጫማ በሰዓት 240 ቢቲዩ እያሉ መደመር ነው። ቦይለሩ ካነሰ እንፋሎቱ ጫፍ ያለውን ክፍል ሳያዳርስ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ራዲያተሮቹ ከሚችሉት በላይ ያፈላና ግፊቱ ሲወጣ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል፣ መልሶ ይጠፋል፤ ነዳጁ በከንቱ ያልቃል። ራዲያተሮቹስ ለምን እንዲያ ገዘፉ? የኅዳር በሽታ ጣጣ ነው ይባላል። እኛን በ1911 ዓ.ም. የፈጀው ወረርሽኝ እነሱንም ሲፈጅ «መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ» ተባለ፤ መሐንዲሶቹም በረዶ እየጣለ፣ መስኮት ተከፍቶ ቤት የሚያሞቅ ራዲያተር ተከሉ። እኛ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን፤ እነሱ ከመቶ ዓመት በኋላም የነዳጅ ሒሳብ ይከፍላሉ። እኔ ደግሞ በርም መስኮትም ከፍቼ፣ ያለ አንዳች ራዲያተር እጠበሳለሁ።

የመጠኑስ ነገር ይቅር። የእኔው አሮጌ ቦይለር ሲወርድ ያየሁት ነው ደሜን ያፈላው፤ የሴፍቲ ቫልቩ አፍ በእንጨት ተወትፎ በላስቲክ ተጠፍሯል። «ያንጠባጥብ ስለነበር ነው» አለኝ ያኔ የገጠመው ሠራተኛ፣ እፍረት እንኳ ሳይሰማው። ማንጠባጠቡ እኮ ሥራው ነው! ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል፤ መውጫ ሲያጣ ቦይለሩን ያፈነዳዋል። አራስ ልጅ የሚታጠብበት ክፍል ግድግዳ ላይ! ስለ ሊትር ሰፈሩ ሁሉ ይከራከራል፤ አውራ ጣት ስለምታህለው ቫልቭ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

ይሁን፣ ሠራተኛውም ክፉ ሰው አይደለም። አሮጌውን ያወረደበትን እንኳ ከቡና በቀር ምንም አልተቀበለኝም። በዚያ ላይ የእሱ ምክር ሠላሳው ነው፤ በ1,500 ዋት 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፣ ሰማንያው ግን ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ነው፣ ያን ያህል መብራት ሳይጠፋ ከቆየ። አማቴ እስከዚያው ቢጫ ጀሪካን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያቆማሉ፤ ትናንት ክርናቸውን ነክረው «በዛ፣ ቀዝቃዛ ጨምሩበት» አሉ። ማንም አልሳቀም። አሁን ሐሳባቸው ማሾ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ስንት እንደገባ ይጠይቃሉ። ጎረቤቴ እሑድን ጠብቀን ሰንበቴ ገበያ እንሂድ ይላል፤ ሚስቴ ደግሞ የሮቢቱ ምን ሆነና ትላለች።